ርስትና ረሃብ፦ ለድኻ የሚሰጥ እርዳታ ከሌላ ድኻ መሬት ሲወሰድ



የተራበ ሰው የመኖር መብት አለው። መሬቱን ከአባቶቹ የተረከበ ሰውም በመሬቱ ላይ መብት አለው። ከሁለቱ አንዱን የሚክድ ቅን ሰው አይገኝም። ነገር ግን ሁለቱ መብቶች በአንድ መሬት ላይ ሲገናኙ የትኛው ይቀድማል? መንግሥት የተራበውን ወገን ለመርዳት ሲል የሌላውን ድኻ መሬት አንሥቶ ቢሰጠው፣ ሥራው ቸርነት ነው ወይስ በደል? መሬቱን የተቀበለው ሰውስ ምን ዕዳ አለበት?

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእነርሱ በተውነው ነበር። ዳሩ ግን የራሳችን ታሪክ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ተነሥቶ ንፋስ መውጫን አልፎ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር ርስትንም ረሃብንም በሚገባ ያውቃል። በአንድ በኩል የርስት ነገር ትውልድን ከትውልድ በሽምግልናና በችሎት ሲያሟግት የኖረበት አገር ነው። በሌላ በኩል በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከተጎዱት የሰሜን ደጋዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ የተራበውንም የባለ ርስቱንም ልብ ለመረዳት የዚህ አገር ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ርስት ማለት ምን ነበር?

በጎንደርና በጎጃም የቆየው የርስት ሥርዓት መሠረቱ ትውልድ ነው። መሬቱን አስቀድሞ ያቀና አባት አለ፤ ከእርሱ የሚወለድ ሁሉ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ዘሩን ቆጥሮ ከዚያ መሬት ድርሻውን ይጠይቃል። ባለ ርስቱ ቢዘምት፣ ቢሰደድ፣ ልጆቹ በሰው አገር ቢያድጉ እንኳ መብቱ አይጠፋም ተብሎ ይታመን ነበር። «በሺ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» የሚለው የአባቶች ብሂል የሚነግረን ይህንኑ ነው። መሬት ሳይታረስ ጦም ቢያድር፣ ባለቤቱም ለጊዜው በቦታው ባይታይ፣ ባለቤት የለውም አይባልም።

ይህ አስተሳሰብ ትልቅ እውነት ይዟል። ሰው ከመሬቱ ጋር ያለው ግንኙነት በሚያፍሰው እህል ብቻ አይለካም። የአባትና የእናት መቃብር፣ የምንጩና የኮረብታው ስም፣ ከጎረቤት ጋር የተሳሰረ ዝምድና ሁሉ ከመሬቱ ጋር ነው። መሬቱን ያጣ ሰው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን «የእገሌ አገር ሰው» የሚባልበትንም ያጣል።

ይሁን እንጂ ርስት ጥላም ነበረው። ዘሩን ቆጥሮ ከአቅኚው አባት መድረስ የማይችል ሰው ድርሻ አልነበረውም። ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት፣ ሸማ የሚሸምኑት ቤተ እስራኤል ለአገሩ ማረሻና ማድጋ ሲያቀርቡ ኖረው፣ ራሳቸው ግን በብዙ ቦታ የሚያርሱት በጭሰኝነት ብቻ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዘ ተብሎም ይተረካል። ከደንገል ታንኳ እየሠሩና ዓሣ እያጠመዱ በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎችም፣ የሐይቁ ነባር ነዋሪዎች ሆነው ሳለ፣ ለብዙ ዘመን የእኛ የሚሉት የእርሻ መሬት አልነበራቸውም። እንግዲህ «ቀድሞ የመጣው ማን ነው?» የሚለው መለኪያ ብቻውን ፍትሕን አያመጣም። አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የመጣው ሰው እንኳ ርስት ይከለከላል፤ አንዳንድ ጊዜም ዘር ቆጣሪው ከጎረቤቱ ችግር ዓይኑን ይጨፍናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለወጠው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው የእርሻ መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጭሰኛውና የእጅ ባለሙያው መሬት የመጠየቅ መብት አገኙ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጋር ሌላ ነገር መጣ። የመሬት ሁሉ አዛዥ መንግሥት በመሆኑ፣ ከአንዱ አንሥቶ ለሌላው መስጠት ቀላል ሆነለት። ያንንም ለማየት ብዙ ዓመት አልፈጀም።

በበለስ ሸለቆ የሆነው

ድርቁ በበረታበት በ1977 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ከሰሜኑና ከመካከለኛው ደጋ አንሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ዐቀደ። በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። በፈቃዱ የሄደ ነበር፤ ተገዶ የሄደም ብዙ ነበር። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ የተለያየበት ጉዞ ነበር።

ከመስፈሪያዎቹ አንዱ በመተከል የሚገኘው የበለስ ሸለቆ ነው። በፓዌና በአካባቢው ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር፣ እንዲሁም ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ከ80,000 በላይ ሰዎች ሰፈሩ። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውምና በቁጥር ተጠሩ፤ ዛሬም «መንደር 7»፣ «መንደር 14» እየተባሉ ይጠራሉ። በኢጣልያ መንግሥት ገንዘብና በሳሊኒ ኩባንያ ሥራ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ዱሩ በከባድ መኪና ተመነጠረ፤ መንገድ፣ ሆስፒታልና የውኃ መስመር ተዘረጋ። ለደጋው ሰው ግን ቆላው ቀላል አልነበረም። ወባው፣ ሙቀቱና የናፍቆቱ ብዛት ብዙ ሰው ጨረሰ፤ ብዙዎችም ጠፍተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ የቀሩት ሰፋሪዎች ግን እዚያው ቀሩ፤ ልጅም ወለዱ።

ስለዚህ ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሰፋሪውን መከራ ነው፤ መከራውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በዚያ ሸለቆ አስቀድሞ የሚኖር ሕዝብ ነበረ። የመተከል ምድር የጉምዝ፣ የሺናሻ፣ የአገው፣ የኦሮሞና የአማራ ሕዝብ በየስፍራው የሚኖርበት ሲሆን፣ የበለስ ቆላ በተለይ የጉምዞች አገር ነው። ጉምዞች ከደጋው ነገሥታትና መኳንንት ዘመን ጀምሮ በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደኑ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ወደ ቆላው የሸሹትም ከዚህ የተነሣ ነው። ፕሮጀክቱ ሲመጣ ብዙዎቹ ከኖሩበት ለቀው ወደ ዳር ተገፉ። ተጠይቀው የሰጡት መሬት አልነበረም።

«ባዶ መሬት» ማለት ምን ማለት ነው?

በዚያን ጊዜ ዐቃጆቹ የሰጡት ምክንያት መሬቱ ሰፊና ባዶ ነው የሚል ነበር። ከአውሮፕላን ወይም ከመኪና ሆኖ ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል፤ ዱር እንጂ ማሳ አይታይምና። ነገር ግን የጉምዝን አስተራረስ የተረዳ ሰው እንዲህ አይልም።

ጉምዝ ዱሩን በመጠኑ መንጥሮ ያቃጥላል፤ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ ይዘራበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፈሩ ሲደክም ያን ትቶ ወደ ሌላው ይሻገራል። የተወው መሬት ለዓመታት አርፎ ዱር ይሆናል፤ አፈሩም ይታደሳል፤ ያን ጊዜ ይመለስበታል። በዚህ መካከልም ዱሩ ሥራ አልፈታም። ማር ይቆረጥበታል፣ ይታደንበታል፣ ሥራ ሥርና ፍሬ ይለቀምበታል፤ ከወንዙም ዓሣ ይጠመዳል። የየጎሣው ወሰን ምልክት ባይተከልበትም በባለቤቶቹ ዘንድ የታወቀ ነው።

የጋይንት ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እርሱም ቢሆን አቅሙ በፈቀደ ጊዜ መሬቱን ጦም ያሳድራል። ጦም ባደረው መሬት ላይ ጎረቤቱ መጥቶ ሞፈሩን ቢያሳርፍና «ባዶ ስለ ሆነ አረስሁት» ቢለው ምን ይመልስለታል? ነገሩን በሌላ ምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ ሁለት ጎታ እህል አለው፤ አንዱ የሚበላው ሲሆን ሁለተኛው ለዘር ያስቀመጠው ነው። የዘሩን እህል «ትርፍ ነው» ብሎ የሚወስድ ሰው የዘንድሮውን ምግብ አልነካም፤ የከርሞውን ግን አጥፍቶበታል። ያረፈው የጉምዝ ዱርም እንዲሁ የከርሞ እርሻ ነበር እንጂ ትርፍ መሬት አልነበረም።

የተራበ ሰው እስከ ምን ድረስ መብት አለው?

ስለ ችግረኛ መብት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ በድፍረት አስተምረዋል። የምድር ሀብት በመጀመሪያ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ነው፤ የግል ይዞታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ሲያስረዳ፣ ሌላ መውጫ የሌለውና ለሞት የቀረበ ሰው ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ከሌላው ቢወስድ በእውነት ሌባ አይባልም ይላል። ይህ ትምህርት ስንቱን ድኻ ከፍርድ አድኗል።

ነገር ግን ትምህርቱን በጥንቃቄ እንመርምረው። ቅዱስ ቶማስ በዚሁ ስፍራ ለድኻው የሚገባው የባለጠጋው ትርፍ መሆኑን ይናገራል። አንዱ የጠገበ ሌላው የተራበ ሲሆን ሚዛኑ ግልጽ ነው። በበለስ ሸለቆ ግን ሁለቱም ድኾች ነበሩ። የአንዱ ረሃብ የሌላውን መኖሪያ ትርፍ አያደርገውም። የሞት ጉዳይ የሚፈቅደውም ለዛሬ የሚያስፈልገውን እንጀራ ነው፤ የሌላውን ልጆች ለዘለዓለም የሚነቅል ለውጥ አይደለም። እንጀራ በሚቀጥለው መከር ሊመለስ ይችላል፤ የተመነጠረ ዱርና የተበተነ ጎሣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ሁለተኛው ነጥብ ፈቃድን ይመለከታል። በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ንጉሡ አክዓብ በመጀመሪያ የናቡቴን የወይን ቦታ በነጻ አልጠየቀም፤ የተሻለ ቦታ በምትኩ ወይም ዋጋውን በብር እሰጥሃለሁ ብሎ ነበር። በዘመናችን አነጋገር ካሣ አቅርቧል። ናቡቴ ግን የአባቶቼ ርስት ነውና አይሆንም አለ፤ መጽሐፉም በዚህ አይነቅፈውም። ከዚህ የምንማረው ካሣ ፈቃድን እንደማይተካ ነው። ለጉምዞች ግን በጊዜው የተጠየቀ ፈቃድም፣ የሚገባ ካሣም አልነበረም።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ልዩነት እንዳለ አንክድም። አክዓብ የናቡቴን ቦታ የፈለገው ለአትክልት ነው፤ ወደ ፓዌ የሄደው ሰው ግን ልጆቹ እየሞቱበት ነው። ስለዚህ ፍርዱን በሁለት ከፍለን ማየት ይገባናል። ወሳኙ መንግሥት ነበረ፤ ስለዚህ ዕዳው የመንግሥት ነው። መንግሥት የራሱን ግዴታ፣ ማለትም የተራበውን የመመገብ ግዴታ፣ ከሌላ ድኻ ኪስ ከፈለ። ሰፋሪው ግን መርጦ የወሰደው ነገር አልነበረም፤ ብዙ ጊዜም የሚሄድበትን አገር ስም እንኳ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ወንጀለኛ አይባልም። ሆኖም ንጹሕ ሰውም ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። የጠፋ በሬ በቅን ልቡና የገዛ ሰው ሌባ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ግን «በሬ አልነበረህም» ሊለው አይችልም። ከሰፋሪውና ከልጆቹ የሚጠበቀውም ቢያንስ ይህ ነው፤ እኛ ስንመጣ ሰው ነበረ፣ መሬቱም የእርሱ ነበረ ብሎ መመስከር።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ ነውና ማንም ዜጋ በየትም ቢሰፍር መብቱ ነው የሚል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ገበሬዎች መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመነቀል፣ ዘላኖችም የግጦሽና የእርሻ መሬት የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለዚህ የጋራ ባለቤትነት የነባሩን ይዞታ አያፈርስም። ችግሩ ያለው ሌላ ስፍራ ነው። እንደ ገበሬ በአንድ ማሳ የማይረጋ፣ እንደ ዘላንም ከከብት ጋር የማይዞር እንደ ጉምዝ ያለ ሰው በሁለቱ ስሞች መካከል ይወድቃል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ የወል መሬትን ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ እንደሚችል ይፈቅድ ነበር። ዐዋጁ በ2016 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ጥያቄው ግን ከሕግ ቁጥር ጋር የሚያልፍ አይደለም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው የባልና የሚስት ስም በአንድነት የተጻፈበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲቀበል፣ መሬቴን የሚነጥቀኝ የለም ብሎ ዕረፍት አግኝቷል። የጎሣ ዱር ግን በእንዲህ ያለ ደብተር ውስጥ ለመግባት ያስቸግራል። ለእኛ ዕረፍት የሆነውን ነገር ለሌላው በሌላ መንገድ መፈለግ የመንግሥት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜ አልነበረም የሚል ነው፤ ሰው እየሞተ ማን ይጠየቃል? መልሱ እንጀራና መሬት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። እንጀራ ቸኩሎ መድረስ አለበት፤ መሬት ግን ተጠይቆ ነው የሚሰጠው። እርዳታ ሰውን ካለበት ሳይነቅል ሊደርስ እንደሚችልም በኋላ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ጨምሮ በብዙ ወረዳዎች፣ ሰው በቀዬው ሆኖ እርከን እየሠራ፣ ተፋሰስ እየከለለ እህል ወይም ገንዘብ እንዲያገኝ አደረገ። ፕሮግራሙ ድኽነትን አላጠፋም፤ ነገር ግን የተራበውን ለመርዳት ሌላውን መንቀል ብቸኛው መንገድ እንዳልነበረ ያስረዳል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ታላቅ ሰፈራም ከመጀመሪያው ስሕተት አንዳንድ ነገር እንደ ተማረ መመስከር ተገቢ ነው። ሰፈራው በፈቃደኝነትና በየክልሉ ውስጥ እንዲሆን፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋርም ምክክር እንዲደረግ በመርሕ ደረጃ ተወሰነ። ሰፋሪው በቀድሞ ቀዬው ያለው የመሬት መብትም ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ተደረገ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ጥበብ አለው፤ መመለሻ ያለው ሰው ነው በእውነት በፈቃዱ ሄደ የሚባለው። ሆኖም ሰፋሪዎች በሄዱባቸው በመተማና በቋራ ቆላዎችም የጉምዝ መንደሮች አሉ። መርሑ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን በየመንደሩ በእውነት የተጠየቀ ሰው መኖሩን አያረጋግጥም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ለነባሩ መብት ከሰጠን፣ በፓዌ የተወለደው ልጅ ለዘለዓለም እንግዳ ሆኖ ይኑር ወይ? የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉምዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ይጠራል። «ባለቤት» የሚለው ቃል ሲነገር «መጤ» የሚለው ቃል ተከትሎት ይመጣል፤ «መጤ» ከሚለው ቃል እስከ ሰይፍ ያለው መንገድም አጭር መሆኑን በዓይናችን አይተናል። በ2011 ዓ.ም. በዳንጉርና በጃዊ አካባቢ ከጉምዝም ከአማራም ወገን ብዙ ሰው ተገደለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሕፃን የመሬት ዐዋጅ አላወጣም።

ስለዚህ እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር። የነባርነት መብት የመጠየቅ መብት ነው፤ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት ነው፤ በመሬቱ ላይ ለሚሆነው ነገር አስቀድሞ የመወሰን መብት ነው። የማባረርና የመግደል መብት ግን አይደለም። በመጽሐፈ ሌዋውያን ምዕራፍ 25 መሠረት የምድር ባለቤት እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ሁላችን በእርሱ ፊት እንግዶችና ስደተኞች ነን። ይህን የሚያምን ሰው ነባሩን «ባዶ መሬት ላይ ነህ» አይለውም፤ በዚያው የተወለደውንም «ወደ አገርህ ሂድ» አይለውም። የትናንቱ በደል በዛሬው በደል አይታረምም። የሚታረመው ባለ ዕዳው ዕዳውን ሲከፍል ነው፤ ባለ ዕዳው ደግሞ የተነቀለውን ሳይጠይቅ የወሰነው መንግሥት፣ እርሱንም የተካው መንግሥት ነው።

ሌላው ዓለም ምን ይላል?

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በጎረቤት አገር በኬንያ፣ በቦጎርያ ሐይቅ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ የኢንዶሮይስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለዱር አራዊት ጥበቃ ሲባል ተነቀሉ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት መሬታቸውን እንዲያውቅላቸውና ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። የአፍሪካ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017 በማው ደን ለሚኖሩት ለኦጊዬክ ሰዎች ፈረደላቸው። በሁለቱም ጉዳይ የልማትና የጥበቃ ምክንያት መኖሩ ነባሩን ሕዝብ ሳይጠይቁ ለመንቀል በቂ አልሆነም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2007 የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ሲያጸድቅ፣ ነጻ፣ የቀደመና በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ የሚለውን መርሕ አስቀመጠ። በዚያ ቀን ድምፅ ሲሰጥ ኢትዮጵያ አልተገኘችም ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ጳጳሳዊ የፍትሕና የሰላም ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ መሬት ክፍፍል ባወጣው ሰነድ የነባር ሕዝቦችን መሬት ጉዳይ አንሥቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው፣ ለነባር ማኅበረሰቦች መሬት ሸቀጥ ሳይሆን የእግዚአብሔርና የአባቶች ስጦታ መሆኑን አስተምረዋል። የጋይንት አባቶች ስለ ርስት ይሉት ከነበረው ምን ያህል ይርቃል?

እኛስ?

የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ ይህ ነው። «በሺ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» ብሎ ለራሱ የተናገረ ሰው ይህንኑ ለሌላው መናገር ይገባዋል። ስለ ርስት ሲሟገት የኖረ ደገኛ የጉምዝን ርስት ለማወቅ የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው ሊሆን አይገባም። ረሃብን ያየ ሰውም የተራበ እንግዳን ከደጁ አያባርርም። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። በመተከል በኦሮሞዎችና በጉምዞች መካከል የኖረው «ሚቹ» የተባለው የወዳጅነት ቃል ኪዳን፣ እንግዳና ባለ አገር ተከባብረው የሚኖሩበት መንገድ ከዚያው ምድር ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል። ዋናው ነገር እንግዳው መጥቶ መጠየቁ፣ ባለ አገሩም ተጠይቆ መቀበሉ ነው።

በየቤተሰባችንና በየትምህርት ክፍላችን ልናደርገው የምንችለው ትንሽ ነገር አለ። ጉምዞችን በጥንቱ የባርነት ስም የሚጠራ ሰው ስንሰማ እናርመው፤ ስሙን የነሣነውን ሰው መሬቱን መንሣት አይከብደንምና። ወደ ቆላ የሄዱ ዘመዶቻችንን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር፣ አስቀድመው በዚያ የነበሩትንም አብረን እንንገር። በጊልገል በለስና በማንዱራ ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ የሚካፈሉ ጉምዝ ምእመናን አሉ፤ ስለ እነርሱ ስንናገር እንደሚሰሙን ሆነን እንናገር። መንግሥትም ለግድብ፣ ለስኳር ፋብሪካ፣ ለሰፈራም ሆነ ለሌላ ልማት መሬት ሲፈልግ፣ «ካሣው ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ተጠይቀዋል ወይ?» የሚለውን የምናነሣ ዜጎች እንሁን። ያ ጥያቄ ነገ ለእኛም ያስፈልገናል፤ የደብተር ይዞታ ቢኖረንም የመሬቱ አዛዥ ያው መንግሥት ነውና።

ለቡድን ውይይት

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሚቀጥሉት ጥያቄዎች ውይይት ሊያደርጉ ይችላሉ።

1. በአካባቢያችን ርስት ወይም መሬት ሳይደርሳቸው የኖሩ ሰዎች እነማን ነበሩ? ዛሬ በምን ሁኔታ ይገኛሉ?

2. ናቡቴ ካሣ ቀርቦለት እምቢ ማለቱ ልክ ነበር? የንጉሡ ፍላጎት ለአትክልት ሳይሆን ለተራቡ ሰዎች ቢሆን ኖሮ መልሳችሁ ይለወጣል?

3. በሰፈራ መንደር የተወለደ ወጣትና መሬቱን ያጣ የጉምዝ ሽማግሌ አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ፣ አንዱ ለሌላው በመጀመሪያ ምን ሊለው ይገባል?